እሳቱ ወዲህ፣ ጢሱ ወዲያ

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። መብራት ጠፍቶ፣ ቡታጋዙ አልቆ፣ ልጆች ራታቸውን ሲጠብቁ፣ እሳት አንድዶ ቤቱን ግን ከጢስ መጠበቅ የሚችል ከመካከላችን ስንት ሰው ይገኛል? «ከሰል ማቀጣጠል ማንን ያቅተዋል!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ከቢሮ መልስ ወጥ ሠርቼ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በከሰል ቡና አፍልቼ የምኖር ሴት፣ እሳት አላውቅም ብዬ አስቤ አላውቅም። አለማወቄን ያስረዱኝ ወረታ የሚኖሩት የአባቴ እህት ናቸው።

ጉዞው በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነበር። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ አራት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። እግረ መንገዴንም የእርጎን ነገር ለመማር አስቤ ነበር። እኔ አዲስ አበባ የማረጋው እርጎ ገና በሁለተኛው ቀን ይቆመጥጣል። በልጅነቴ በአክስቴ ቤት የቀመስኩት ግን ሰንብቶም ጣዕሙ አይለወጥም ነበር፤ ደስ የሚል የጢስ መዓዛም ነበረው።

ወረታን ላላያችሁ አገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ወንዝ ስትሻገሩ ምድሩ በድንገት ይለጠጣል። ይህ የፎገራ ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተዘርግቶ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲመጡ ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽም ደለሉን ትቶለት ይሄዳል። ይህንኑ ውኃ የሚወደው ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ የአገሩ መታወቂያ ሆኗል። እኔ በደረስኩ ጊዜ አጨዳ ነበር። ሜዳው እስከ ዓይን ማለቂያ ቢጫ ሆኖ፣ በመካከሉ ነዶ የሚሸከሙ ሰዎች ይታያሉ። በወተታቸው የተመሰገኑት ነጭና ጥቁር ዥጉርጉር የፎገራ ከብቶች አጨዳው ባለቀበት ማሳ ላይ ተሰማርተዋል። ከተማዋ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩባት ስለሆነች መኪና አያጣትም፤ ከመኪናው ጩኸት በላይ የሚሰማው ግን የሩዝ መፈልፈያው ወፍጮ ነው።

በዚህ ሁሉ ለምለም አገር አንድ ነገር ጎድሎ ታያላችሁ፤ እንጨት። በየግቢው ከተተከለው ባሕር ዛፍ በቀር ሜዳው ላይ ዛፍ ማየት ብርቅ ነው። ስለሆነም የባለቤቲቱ ትጋት የሚለካው በኩበት ክምሯ ነው። የአክስቴ ክምር በግቢው ጥግ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ዙሪያውም እንደ ቤት ግድግዳ በእበት ተለቅልቆ ዝናብ እንዳይዘልቀው ሆኗል።

በመጣሁ በማግስቱ ማለዳ፣ አክስቴ ሳይነሡ ቡና አፍልቼ ላስደስታቸው ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ገባሁ። ምድጃው ላይ አመድ ብቻ ነበር። አመዱን ዛቅ አድርጌ ጣልኩና፣ ከደጅ ጤዛ የነካውን ኩበትና ጭራሮ አምጥቼ እላዩ ላይ ከመርኩ። ክብሪት ለኮስኩ፤ ጠፋ። ደግሜ ለኮስኩ፤ እፍ አልኩ። ቤቱ በነጭ ጢስ ተሞላ። ዓይኔ እንባ እያፈሰሰ እፍ ስል፣ ልጄ ከእንቅልፏ ተነሥታ «እማዬ» እያለች ገብታ ኖሮ ሳሏን ሰማሁት። ሳሉ አልቆም አላት። አክስቴ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ ሳይለብሱ መጥተው ልጅቱን አንሥተው ወደ ደጅ ሮጡ።

«ምነው ልጄ፤ እሳቱን አፈንሽው፤ ልጅቱንም አፈንሻት!» አሉኝ።

ልጄ አየር አግኝታ ስትረጋጋ ተመልሰው የጣልኩትን አመድ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ ማታ ያዳፈኑት እሳት እዚያ ውስጥ ነበር። በአገራችን እሳት አይጠፋም፤ ይዳፈናል። ማታ ደኅናው ፍም በአመድ ይለበሳል፣ አየር ስለሚያንሰው ሳይነድም ሳይሞትም ያድራል፣ ጠዋት አመዱ ሲገለጥለት ይነሣል። እኔ የአንድ ሌሊት ሀብታቸውን ዝቄ ጥዬዋለሁ። አክስቴ ግን አልተቆጡም፤ ገል ይዘው ከጎረቤት እሳት ጭረው መጡና «ተቀመጪ፤ ዛሬ አንቺ ታነጂያለሽ» አሉ።

የመጀመሪያው ትምህርት ማድረቅ ነው። ኩበቱን እርስ በርሱ አጋጭተው አሰሙኝ፤ የደረቀው እንደ ገል ይጮኻል፣ ርጥበት ያለው ዝም ይላል። እርጥብ ማገዶ ያለውን ሙቀት ሁሉ ውኃውን ለማትነን ስለሚያባክነው እሳቱ ሊጎለብት አይችልም። ሁለተኛው ክፍተት ነው። እኔ ማገዶውን እንደ ጡብ ደርድሬው ነበር። እርሳቸው ሁለት ኩበት እንደ ጎጆ አስደግፈው አቆሙ፣ ከሥሩ ጭራሮ አደረጉ፣ ፍሙን ከጭራሮው ሥር አስገቡ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ እጅ የሚያስገባ በር ተዉ። «እሳት የሚበላው በታች ነው፤ በላይ እፍ ብትዪ አመድ ታስነሺያለሽ እንጂ ምን ይጠቅማል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እፍ ማለት እንኳ አላስፈለገም። ጢሱ ለጥቂት ጊዜ ወፈረ፣ ሳሳ፣ ነበልባሉ ሲነሣም ጨርሶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ጠፋ።

እዚህ ላይ ሳይንሱ የሚለውን ልጨምር። እንጨትም ሆነ ኩበት ሲሞቅ በመጀመሪያ ውኃው ይወጣል፣ ቀጥሎ ልዩ ልዩ ጋዞች ይወጣሉ። ነበልባል የምንለው እነዚህ ጋዞች ሲነዱ ነው። በቂ ሙቀትና አየር ካላገኙ ግን ሳይነዱ ይበንናሉ። በሌላ አነጋገር ጢስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። ያን ማለዳ የልጄ ሳንባ ውስጥ የገባው፣ ቡናውን ሊያፈላ ይገባው የነበረው ማገዶ ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከቡናው በኋላ አክስቴ የወተት ቅላቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ የእርጎው ምሥጢርም እዚያ ተገለጠልኝ። ቅሉ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ በፀሐይ ደርቋል። አሁን ሊታጠን ነው። ለዚህ የሚሆነው ወይራ ነው። ወይራ በሜዳው ስለሌለ ከገበያ ትንሽ እስር ይገዛሉ፤ እንደ እጣን ቆጥበው ነው የሚጠቀሙበት። «ጢስ የፈለግን እንደሆነ ለምን እርጥብ እንጨት አንጨምርም?» ብዬ ጠየቅሁ፤ የጠዋቱን ጥፋቴን ሙያ ላደርገው ፈልጌ ይመስለኛል። አክስቴ ሳቁ። «ያ ጢስ ይመርራል። ወተቱ ጥላሸት ጥላሸት ይላል። መጀመሪያ እሳቱ በደንብ ይነድ፣ ከዚያ ፍሙን እንወስዳለን፤ እሳቱ ወዲህ፣ ጢሱ ወዲያ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማድ ቤቱ ምድጃ እሳቱ ነድዶ፣ ቀልቶ፣ ፍም ብቻ ሲሆን ጥቂቱ በገል ተጭሮ ወደ ጓሮ ይወጣል። በፍሙ ላይ ጣት የሚያህል የወይራ ፍላጭ ሁለት ሦስት ይደረጋል። ወዲያው የሚነሣው ጢስ ነጭና ወፍራም ስለሆነ አክስቴ ቅሉን አያስጠጉትም፤ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ጢሱ ሲሳሳና ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፣ ሽታውም ዓይን መቆጥቆጡን ትቶ ጣፈጥ ሲል፣ ያኔ ቅሉን አፉን ወደ ታች አድርገው በድንጋይ ላይ ከፍሙ ከፍ አድርገው ይደፉታል። ነበልባል ሊነሣ ሲቃጣው ቆንጠር አድርገው አመድ ይነሰንሱበታል፤ ሊጠፋ ሲል ገሉን ወደ ነፋሱ ያዞሩታል። እጃቸው ከዚያ ገል ለአፍታ አይለይም። ቅሉን አንሥተው ያሸታሉ፣ ይመልሱታል። በመጨረሻ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ወተቱም ይገባበታል።

የወይራ ጢስ ጠረን ብቻ አይደለም። በጢሱ ውስጥ ያሉ ፌኖል የሚባሉና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች በዕቃው ግድግዳ ላይ ይቀራሉ፤ እነዚህም ወተት የሚያበላሹ ረቂቅ ሕዋሳት ቶሎ እንዳይራቡ ይገታሉ። የጠላ ጋን የሚታጠነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጢስ ያልታጠበ ዕቃ አያነጻም፤ ያልፈላ ወተትንም ከበሽታ ነጻ አያደርግም። ለሕፃናት የሚሰጥ ወተት መፈላት አለበት።

በሁለተኛው ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ፍሙን አወጣሁ፣ ወይራውን አደረግሁ፣ ጢሱ እስኪሳሳ ጠበቅሁ፣ ቅሉን ደፋሁ። ደስ ብሎኝ ከልጄ ጋር ጥቂት ሳወራ ጢሱ የጠፋ መሰለኝና በሥሩ እፍ አልኩበት። ነበልባሉ ብድግ ብሎ የቅሉን አፍ ለበለበው። ቅሉ የአክስቴ እናት፣ ማለትም የአያቴ ነበር። ምን ልበላችሁ፤ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። አክስቴ የጠቆረውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «እኔም በልጅነቴ በወዲያኛው በኩል አቃጥዬዋለሁ፤ ይኸው» ብለው አሳዩኝ። እውነትም በሌላው ጎን አሮጌ ጥቁር ጠባሳ ነበረው።

ነገሩን የበለጠ ያስገረመኝ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። በዚያ ሰሞን ስልክ ሲደውል ጉዱን ነገርኩትና ሳቀ። እርሱ በሚኖርበት በቴክሳስ ሰዎች በጓሯቸው ሥጋ የሚያበስሉበት የብረት በርሜል አለ፤ እሳቱ የሚነደው በበርሜሉ ጎን ባለች ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ሥጋው እሳቱን ሳይነካ በሚያልፈው ሙቀትና ጢስ ለሰዓታት ይበስላል። እርሱም ገዝቶ፣ መጀመሪያ እርጥብ እንጨት አጭቆበት፣ የአየር መግቢያውንም ጥብቅ አድርጎ ዘግቶት፣ ሥጋው እንደ ሬት መርሮ ለውሻ እንኳ የሚሆን አልነበረም። ኋላ ደረቅ እንጨት በትንሽ በትንሹ ማንደድ፣ የአየሩን በር መክፈት፣ ነጩ ጢስ እስኪሳሳም መጠበቅ እንደሚገባ ጎረቤቱ አስተማረው። «ይኸንንማ እማዬ ነግራኝ ነበር» አለኝ።

ሦስተኛው ቀን የእንጀራ ቀን ነበር። የአክስቴ እንጀራ ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት፣ ነጣ ያለ ነው። የእንጀራ እሳት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ሰፊውን ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ማሞቅ ይኖርበታል። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ነበልባሉ ወደ ጎን ያመልጣል፣ ወላፈኑ ጋጋሪዋን ይለበልባታል፣ ጢሱ ፊቷ ላይ ነው። በአገራችን ቤቶች ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ማገዶ ከግማሽ በላዩን የሚበላው እንጀራ መጋገር መሆኑን ባለሙያዎች ይናገራሉ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው «ምርጥ ምድጃ» ይህን አስቦ የተቀረጸ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ የሚሠራ ተገጣጣሚ ምድጃ ሲሆን፣ እሳቱን በዙሪያው ዘግቶ በአንድ በር ብቻ ማገዶ ያስገባል፤ በሚወጣው ሙቀትም ከኋላው ወጥ ይጣድበታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። አክስቴ ግን አልነበራቸውም።

ለምን እንደሌላቸው ስጠይቅ የሰጡኝን መልስ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ፣ ዓለም በር አጠገብ፣ በሽመናዋና ወንድና ሴት ሥራን ሳይለዩ በመሥራታቸው የታወቀችው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለች፤ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች ናት። በዚያን ሰሞን ልጄን ይዤ ደርሼ ነበር። በቤቶቹ ውስጥ ከጭቃ የተሠራ፣ ጢሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ምድጃ አየሁ። ተመልሼ ለአክስቴ ነገርኩ፤ «እንዲህ ያለ ቢሠራልዎስ?» አልኳቸው።

«ጢሱን አውጥቼማ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። «ጢስ እኮ የሣር ክዳን ከምስጥ ይጠብቃል። ከምድጃው በላይ የተሰቀለ ዘር አይነቅዝም። እናቴ ጢስ የሌለው ቤት ባዶ ቤት ነው ትል ነበር።»

መልሳቸው እውነትነት አለው። ጢስ ተባይ ያርቃል፤ ክዳኑንም ያቆየዋል። ነገር ግን ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ፤ ቆርቆሮ ነው። ከላይም የተሰቀለ ዘር የለም፤ ዘራቸው በጆንያ ሆኖ በሌላ ክፍል ተቀምጧል። «እትዬ፤ ቆርቆሮን ምስጥ ይበላዋል እንዴ?» አልኳቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አዩና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። የአክስቴ ሳል ለዓመታት አብሯቸው የኖረ ነው። ጠዋት ጠዋት ይነሣባቸዋል። ዓይናቸውም ሁልጊዜ ቀይ ነው። ቤተሰባችን ይህን እንደ መልካቸው ቆጥሮት ኖረ እንጂ በሽታ ነው ያለ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚፈጠር የተበከለ አየር የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናትና ከጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎችም እነርሱ ናቸው። ኩበቱ ቢተርፍ ደግሞ ለማሳው ፍግ ይሆን ነበር።

እስከዚህ ድረስ የገጠሩን ማድ ቤት ብቻ እየወቀስኩ መስሏችሁ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ከወረታ በተመለስኩ በስምንተኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲወርድ አምሽቶ መብራት ጠፋ። እኔ አሁን እሳት አዋቂ ነኝ። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጠልኩ፣ ክፍተት ተውኩለት፣ ጢሱ እስኪጠራ ድረስ ጠበቅሁ፣ ፍም ብቻ ሲሆን «አሁን ጢስ የለውም» ብዬ ወደ ቤት አስገባሁት። ብርድ ስለነበረ መስኮቱን ዘጋሁ። ወጡን ጣድኩ። ብዙም ሳይቆይ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ ድካም ነው አልኩ። ልጄ ራቷን ሳትበላ ሶፋው ላይ ተኛች፤ እንቅልፍ ነው አልኩ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ገና አንድ እርምጃ ሳይገባ ጮኸ። ልጅቱን ብንቀሰቅሳት ቶሎ አልነቃችም። አቅፈናት ወደ ደጅ ወጣን፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ኦክስጅን ተሰጣት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች።

ፍም ነበልባልና ጢስ ባይኖረውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚወስድ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ስለ ምክንያቱ ሳትከራከሩ በር ከፍታችሁ ውጡ፤ ፍሙንም አውጡት። ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት መጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ታማሚውን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥቶ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

በማግስቱ ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ።

«ፍም ይዘሽ በር ዘጋሽ?» አሉኝ። «የእኛ ማድ ቤት እኮ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል፤ በጭራሮው መካከል ነፋስ ያልፋል። የእናንተ ቤት በምን ይተነፍሳል? ይህን ሳልነግርሽ መቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። በእርሳቸው ቤት ጢስ ይቆጠቁጣል፣ ያስለቅሳል፣ ሰውን ወደ ደጅ ያባርራል። በእኔ ቤት ያን ዕለት ማንንም ያባረረ ነገር አልነበረም።

አክስቴ በዚያ ዓመት መጨረሻ ልጃቸው በላከላቸው ገንዘብ ምርጥ ምድጃ አስገቡ፤ የማድ ቤቱ ግድግዳም ከጣራው ሥር ተከፍቶ ጢስ መውጫ ተሠራለት። ሳሉ ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ የኖሩበት ዓመት ብዙ ነው። ቅሉን ግን ለእኔ ላኩልኝ፤ በሁለቱም በኩል የተቃጠለውን። ዛሬም ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ፍም በገል አድርጌ፣ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ አጥነዋለሁ። አሁን አድጋ ትምህርት ቤት የገባችው ልጄ በመስታወቱ ውስጥ ሆና ጢሱን ትመለከትና «እማዬ፤ ሰማያዊ ሆነ፤ አሁን ድፊው» ትለኛለች።